ሞርሲቶ፣ ብስክሌትና ያ የማይወራው ሕመም

እስቲ ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ብስክሌት ነድታችሁ ስትወርዱ እዚያ… «እዚያ» የምለው ገብቷችኋል አይደል?… ደንዝዟችሁ ያውቃል? እግራችሁን አራግፋችሁ፣ ሱሪያችሁን ሳብ አድርጋችሁ፣ ግራ ቀኙን አይታችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን የለም? አለ! ለማን ተናገራችሁ? ለማንም! ወንዱ «ወንድነቱ ተነካ ይሉኛል» ብሎ ይደብቃል። ሴቷ ደግሞ «ነውር ነው» ብላ ትውጠዋለች። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ዝምታ ነው። ወሬውን ያገኘሁት ግን ከአዲስ አበባ አይደለም፤ ከሐዲያ፣ ሞርሲቶ ከምትባል ከተማ ነው።

ሞርሲቶን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሆሳዕና ትገባላችሁ። ሆሳዕና የሐዲያ ዞን ዋና ከተማ ነች። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። የዱሮ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ሞርሲቶ የዚሁ ዞን የሚሻ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። ትልቅ ከተማ አይደለችም። ሰው ሰውን የሚያውቅባት፣ እንግዳ ሲገባ «የማን ልጅ ነው?» የሚባልባት ዓይነት ነች።

አንድ አብሮ አደጌ እዚያ ያስተምራል። «ለያሆዴ ና» አለኝ። ያሆዴ የሐዲያ ዘመን መለወጫ ነው፤ በመስከረም አጋማሽ፣ ከመስቀል ጋር ተያይዞ ይከበራል። በየቦታው የተበተነው ዘመድ የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ቅቤው፣ አይቡ፣ ቆጮው፣ ከቡላ የሚሠራው አታካናም ያኔ ነው። እኔ ለመብል ወደኋላ የምል ሰው ስላልሆንኩ ሄድኩ።

ወዳጄ ሆሳዕና ድረስ መጥቶ ሲቀበለኝ ሁለት ብስክሌት ይዟል። አንዱ የጎረቤቱ ነው፤ ለእኔ የተዋሰልኝ። ሁለተኛው የራሱ። የራሱን ሳየው ሳቄ መጣ። ብስክሌቱ ደህና ነው፤ ኮርቻው ግን ጉድ ነው! አፍንጫ የለውም። ከፊት ወጣ ብሎ በጭን መካከል የሚገባው ሹል ነገር የለም። ሁለት ትንንሽ ትራስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ባዶ ነው።

«ማን ቆረጠብህ?» አልኩት።

«ሳቅ! ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ በሻንጣ ያመጣልኝ ነው። ሞርሲቶ ስንደርስ ማን እንደሚስቅ እናያለን» አለኝ።

ከሐዲያ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሰደድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከዚያ የሚመለስ ሰው ስልክ፣ ጫማ፣ ጃኬት ያመጣል። ኮርቻ ያመጣ ሰው ግን እኔ ገና ማየቴ ነው።

*ዳገትና ቁልቁለት*

ጉዞ ጀመርን። የሐዲያ መንገድ ዝም ብሎ አይለቃችሁም። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ እንደገና ዳገት። አገሩ ደጋ ስለሆነ ነፋሱ ላባችሁን ወዲያው ያደርቀዋል። ግራና ቀኝ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ጎጆ፣ ከጎጆው በላይ ጭስ። አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ አልብሶታል። ባጃጅ ያልፋል፣ ሞተር ሳይክል ያልፋል፣ የፈረስ ጋሪ ያልፋል። ልጆች ከአጥር ወጥተው ይሮጣሉ። የወዳጄን ኮርቻ ሲያዩ ደግሞ እርስ በርስ እየተጠቋቆሙ ይንከተከታሉ።

የእኔው ኮርቻ «ምቹ» የሚባለው ዓይነት ነው። ጠባብ፣ አፍንጫው ረጅም፤ ከላዩ ወፍራም ስፖንጅ ታስሮበት ፀጉራም ሽፋን ለብሷል። ሲቀመጡበት ሶፋ! ግማሽ ሰዓት እንደነዳን ሶፋነቱ አበቃ። መጀመሪያ መንዘር፣ ከዚያ መቆጥቆጥ፣ ከዚያ ምንም። ምንም ማለት ደግሞ ምንም! የራሴ አካል አልመስልህ አለኝ። ለወዳጄ ስነግረው ብስክሌቱን አቁሞ «እንለዋወጥ» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አፍንጫ የሌለው ኮርቻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግር ይላሉ። ወደፊት የምትንሸራተቱ ይመስላችኋል። ጭናችሁ የሚደገፈው ነገር ያጣል። ክብደታችሁ ወደ መዳፋችሁ ይሄዳል። ቁልቁለት ላይማ መሪውን ጨምድጄ ነው የያዝኩት። ነገር ግን ቀስ በቀስ ደሙ ተመለሰ። ሞርሲቶ ስንገባ ጀርባዬና እጄ ደክሟል፤ ያ ቦታ ግን ሰላም ነው።

*የዳቦው ልጅ*

በማግስቱ ቡና ተፈልቶ፣ ቆጮው በጎመንና በአይብ ቀርቦ ስንጫወት አንድ ጎረምሳ ገባ። የዳቦ ቤት ሠራተኛ ነው። በየማለዳው ዳቦ በብስክሌት ጭኖ ለየሱቁ ያድላል። የቤቱ እናት እስኪወጡ ጠብቆ ወደ እኔ ጠጋ አለ። ከከተማ የመጣ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ መሰለኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ጠይቀኝ።»

«ሳይክል ልጅ ያሳጣል የሚሉት እውነት ነው?»

«ማነው ያለህ?»

«ሰው ነዋ!» አለና አንገቱን ደፋ። «ዳቦውን አድዬ ስመለስ አይሰማኝም። ቆንጥጬ አይቼዋለሁ፣ አይሰማኝም። ሰርጌ ለጥር ነው። ሳይክሉን ልሸጠው ነው።»

«ሸጠኸው በምን ልትሠራ ነው?»

«እሱንም አላውቅም።»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝና አስቡት። ይሄ ልጅ እንጀራውንና ወንድነቱን ሚዛን ላይ አስቀምጦ ብቻውን ሲመዝን ከርሟል። ለእጮኛው አልነገረም። ለወንድሙ አልነገረም። ጤና ጣቢያም አልሄደም። ከተማው ትንሽ ነው፤ «ነርሷ ታውቀኛለች» ነው ምክንያቱ። ታዲያ ይሄ የሞርሲቶ ብቻ ነው? ኧረ የእኛም ነው! አዲስ አበባ ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገድ ተሠርቶልናል። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያለው ወጣትማ ከዱሮም በብስክሌት ነው የሚኖረው። የሚነዳው ሲበዛ የሚደነዝዘውም ይበዛል። የሚናገረው ግን አልበዛም።

*ነገሩ እንዲህ ነው*

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባለሙያዎች ያሉትን ግን ላካፍላችሁ።

ወንበር ላይ ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ከታች ያሉት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። ተፈጥሮ ለዚህ ሥራ ያዘጋጀቻቸው ናቸው፣ ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ለስላሳ ሥጋ ግን ለመሸከም አልተሠራም። ወደ ብልት የሚሄደው ነርቭና የደም ሥር የሚያልፈው በዚያ ነው። የኮርቻው አፍንጫ የሚጫነው ይህንኑ ነው። ነርቩ ሲጨቆን መደንዘዝ ይመጣል፤ የደም ሥሩ ሲጨቆን ደም ይቀንሳል። እግራችሁን አጣጥፋችሁ ብዙ ስትቀመጡ እንደሚደነዝዘው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሞ በወጣ አንድ የአውሮፓ ጥናት የተለያዩ ኮርቻዎች ላይ የተቀመጡ ወንዶች ብልት ላይ የሚደርሰው ኦክስጅን ተለክቶ ነበር። ጠባቡና ወፍራም ስፖንጅ ያለው ኮርቻ ከ80 በመቶ በላይ አወረደው። ሰፊውና አፍንጫ የሌለው ያወረደው 20 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ «ሶፋ» ያልነው ነው የባሰው! ስፖንጁ በጣም ሲለሰልስ አጥንቱ ይሰምጣል፤ መሐሉ ደግሞ ወደ ላይ ያብጥና ለስላሳውን ቦታ ይወጋል።

ሌላም ልጨምርላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ቀኑን ሙሉ በብስክሌት የሚዞሩ ፖሊሶችን አጥንቶ ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከአምስት ከተሞች የተውጣጡ 90 ፖሊሶች ለ6 ወር አፍንጫ የሌለው ኮርቻ ተሰጣቸው። በዚያ ለስላሳ ቦታ ላይ ያረፈው ጫና በ66 በመቶ ቀነሰ። «ስነዳ አይደነዝዘኝም» ያሉት ከ27 በመቶ ወደ 82 በመቶ አደጉ። ተቋሙም በ2009 ለሥራ ብለው ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ይህን ኮርቻ እንዲጠቀሙ መከረ። የእኛው የዳቦ ልጅስ ለሥራ አይደል የሚነዳው?

ሐሳቡም አዲስ አይምሰላችሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1890ዎቹ ክሪስቲ የሚባል በሁለት ትራስ የተከፈለ ኮርቻ ለገበያ ቀርቦ ነበር። የዛሬ 120 እና 130 ዓመት የነበረ ሰውም ያመው ነበር ማለት ነው!

እህቶቼ፣ ይሄ የወንዶች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡ። በሴት ብስክሌተኞች ላይም ተመሳሳይ መደንዘዝ በጥናት ታይቷል። የብስክሌቱ መሪ ከኮርቻው ዝቅ ሲል ደግሞ ይብስባቸዋል። ወገብ ሲያጎነብስ ክብደቱ ከአጥንት ወደ ፊት ስለሚሄድ ነው።

ለዳቦው ልጅ ግን መጀመሪያ የነገርኩት ይሄን ነው፦ መደንዘዝ ማለት መካን መሆን ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶችን ያነጻጸረ ጥናት የብስክሌተኞች የወሲብ ጤና ከዋናተኞችና ከሯጮች የከፋ ሆኖ አላገኘውም። ከነጂዎቹ መካከል ከጉዞው ከ20 በመቶ በላይ ፔዳል ላይ ቆመው የሚነዱት ደግሞ መደንዘዙ ቀንሶላቸዋል። ስለዚህ መፍራት አያስፈልግም፤ ዝም ማለትም አያስፈልግም። መደንዘዝ «ወንበሬን አስተካክልልኝ» የሚል የአካል ደብዳቤ ነው።

*ጎሚስታው ምን አሉ?*

ልጁን ይዘን ወደ ብስክሌት ጠጋኙ ሄድን። ሽማግሌ ናቸው። ብስክሌቱን አዩና ሳቁ። ኮርቻው አፍንጫውን ወደ ሰማይ ቀስሯል፤ ከፍታውም በዝቷል። ልጁ ፔዳሉን ሲረግጥ ዳሌው ግራ ቀኝ ይወዛወዛል።

«ልጄ፣ ፈረስም ኮርቻው ሳይገጥመው ሲቀር ይቆስላል» አሉት። «እዚህ የሚመጣው ሁሉ ጎማ ለጥፍልኝ፣ ካቴና ቀይርልኝ ነው። ኮርቻ አስተካክልልኝ ያለኝ ሰው የለም።»

አጠገባቸው የነበረው ረዳታቸው የወዳጄን ኮርቻ አይቶ «ታዲያ የዚህንም አፍንጫ በመጋዝ ቆርጠን እንገላግለው!» አለ። ሽማግሌው ተቆጡ። ልክ ነበሩ። ከኮርቻው ሥር ያሉት ሁለት ዘንጎች ፊት ለፊት የሚታሰሩት አፍንጫው ውስጥ ነው። እሱ ከተቆረጠ ኮርቻው መያዣ ያጣል፤ ነጂውም መሬት ይወርዳል።

በ13 ቁልፍ ፈታ ፈታ አድርገው ኮርቻውን አስተካከሉት፣ ዝቅም አደረጉት። ስፖንጁን አስወለቁት። ጠቅላላ ሥራው ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አልፈጀም። ወዳጄ ደግሞ የራሱን ኮርቻ ለሁለት ሳምንት አዋሰው። «ከሰርግህ በፊት እንድትመልስ!» ብሎት ሳቅን።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ደወልኩ። ልጁ ብስክሌቱን አልሸጠም። ጤና ጣቢያም ሄዶ ነበር። «ነርሷ አልሳቀችም» አለኝ ወዳጄ። አያችሁ? ያን ሁሉ ጊዜ የፈራው ሳቅ አልነበረም!

*እናንተስ ምን አድርጉ?*

አንደኛ፣ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ያላችሁን ኮርቻ አስተካክሉ። ብስክሌቱ ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች ያለው ፔዳል ላይ አድርጉ። እግራችሁ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ከዚያ በእግራችሁ የፊት መዳፍ ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላል። ኮርቻው እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ይሁን፤ ቢበዛ አፍንጫው እንደ ነገሩ ዝቅ ይበል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ወደ መሪው ትንሸራተቱና እጃችሁ ያልቃል። መሪው ከኮርቻው እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ በየአሥር ደቂቃው ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ትንሽ ንዱ። ደሙ ይመለሳል። ዳገት ሲመጣ ቁሙ፣ ኮረኮንች ሲመጣ ቁሙ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረውን ጽጋቡ ግርማይን ያያችሁ እንደሆነ እነዚያ ሯጮች ረጅም ሰዓት ይነዳሉ፤ ግን ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ወደፊት ወደኋላ ይላሉ። ታች ለስላሳ ንጣፍ ያለው ቁምጣም ይለብሳሉ። እናንተ በጂንስ ነው የምትነዱት! የጂንስ ስፌት በትክክል የሚያርፈው የት እንደሆነ ልንገራችሁ?

ሦስተኛ፣ ኮርቻ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ አጥንታችሁን ለኩ። ቀላል ነው። ወላንሳ ያለው ካርቶን ጠንካራ ዱካ ላይ አድርጉና ተቀመጡበት፤ ትንሽ ወደፊት ዘንበል በሉ። ስትነሱ ሁለት ጎድጓዳ ምልክት ታያላችሁ። ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል በማስመሪያ ለኩ። ብዙ ሰው ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኮርቻው ከዚያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይስፋ። አፍንጫ የሌለው ከሆነ ሁለቱ ትራሶች አጥንቶቹ ሥር በትክክል ማረፍ አለባቸው። ካላረፉ አፍንጫ ስለሌለው ብቻ አያድናችሁም።

አራተኛ፣ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑት። እንደ ሊጥ የሚሰምጥ ከሆነ ተዉት። ከሥሩም እዩ፤ ብስክሌታችሁ ላይ ካለው ማሰሪያ ጋር የሚገጥም ሁለት ዘንግ መኖር አለበት። ጥርጣሬ ካላችሁ አሮጌውን ኮርቻ ፈታችሁ መርካቶም ሆነ የትም ይዛችሁት ሂዱ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ፎቶውን ላኩለት። ስልክ ብቻ አምጣልኝ አትበሉ!

አምስተኛ፣ አፍንጫ የሌለው ካልተገኘ መሐሉ የተሰነጠቀ ወይም ጎድጎድ ያለ፣ አፍንጫው አጭር የሆነ ፈልጉ። ካገኛችሁም የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለጥ ያለ መንገድ ላይ ተለማመዱ። አንድ እጅ ለቆ መንዳት የለም! ቁልቁለት ላይ ፍጥነት የለም! ጭን የሚደገፈው ስላጣ ብስክሌቱን የምትገዙት በእጃችሁ ነው። ሁለት ሳምንት ስጡት።

ስድስተኛና ዋነኛው፦ ከብስክሌት ወርዳችሁም መደንዘዙ ካልለቀቀ፣ ሽንት ላይ ደም ካያችሁ፣ ወይም የመኝታ ቤት ችግር ከመጣ ወደ ሐኪም ሂዱ። ጓደኛን ሳይሆን ሐኪምን! ጓደኛ ሲያውቅ ይስቃል፣ ሳያውቅ ይፈርዳል።

እናንተ ወጣቶች፣ ሕመም ሲችሉት ጀግንነት የሚመስለን ነገር አለ። ጦር ሜዳ ላይ ይሁን! ኮርቻ ላይ የሚቻል ሕመም ግን ማንንም ጀግና አላደረገም። በ13 ቁልፍና በአምስት ደቂቃ ለሚፈታ ነገር ብስክሌት ተሸጦ፣ ሥራ ተትቶ፣ ሰርግ ተፈርቶ አይኖርም። የሚያማችሁን ለሚያስተካክለው ሰው ንገሩ። እሱ ጠጋኝ ቢሆን፣ ነርስ ብትሆን፣ እጮኛችሁ ብትሆን።

ሞርሲቶ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ በያሆዴ ሰሞን ሂዱ። አታካናውን ቅመሱ፣ ዳገቱን ቆማችሁ ውጡ፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ይዛችሁ ውረዱ።

መልካም ጉዞ!